በሐምሌ ጓሳ ለሚወጣ እግር ርካሽ የዝናብ ሱሪ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መንዝ ጓሳ ወጥተን ሦስት ቀን በእግር ልንጓዝ፣ ስንመለስ ደግሞ በጣርማ በር በኩል ወፍ ዋሻ ጫካ ልንገባ አስበናል። ደህና የዝናብ ጃኬት አለኝ፤ ከወገቤ በታች ግን ያለኝ ጂንስ ነው። አንዱ ‹ጎርቴክስ ካልሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ› ይለኛል፤ ሌላው ‹የሞተረኛ ላስቲክ ሱሪ ይበቃሻል› ይላል። ገበያ ላይ ሱሪዎቹ መለያ ላይ 3,000 የሚልም 10,000 የሚልም ተጽፎ አይቻለሁ፤ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። በመምህር ደመወዝ የሚገዛ፣ መንገድ ላይ የማያዋርደኝ ሱሪ የቱ ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሁለቱም መካሪዎችሽ የሚከራከሩት ስለ ጨርቅ ነው። እኔ ድንኳን፣ የጀርባ ቦርሳና የዝናብ ልብስ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጣው ሱሪ ውስጥ «ጨርቁ ውኃ አሳለፈ» ተብሎ የሚመጣው ትንሹ ነው። የሚበዛው ስፌቱ የተከፈተ፣ ግርጌው በእሾህና በጫማ የተቀደደ፣ መቀመጫው የተፋቀ፣ ዚፑ የተነቀለ ነው። ስለዚህ ያለሽን ብር መጀመሪያ ለጎን ዚፕ፣ ቀጥሎ ከውስጥ በቴፕ ለታሸገ ስፌት፣ ከዚያ ለጠንካራ መቀመጫና ግርጌ አውጪው። ጎርቴክስ የሚለው የጨርቅ ስም ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ባይመጣም ምንም አትሆኚም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለመረዳት እዚያ ላይ እግርሽን የሚያርሰው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትርን አልፋ ስንቱን ታንቀጠቅጣለች፤ ጓሳ ጫፍ ላይ ደግሞ ከከተማው በአራት በአምስት ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ነው የሚጠብቅሽ። ክረምት ላይ በረዶ ቀላቅሎ የሚወርድ ዶፍ መኖሩ አይቀርም፤ ግን እሱ መጥቶ ይሄዳል። የማይሄደው ጉሙ ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ወደ ጉም ይለወጣል፤ ካፊያ ከጉም ተቀላቅሎ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። ጓሳ ሣር ያንን ጠብታ ሁሉ ይዞ ይቆያል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት፣ በየእርምጃሽ፣ እንደ እርጥብ መጥረጊያ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበትሽ እየጠረገ ውኃውን ያስረክብሻል። ሰማዩ ጠርቶ ሱሪሽ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የውኃ ምንጭ ጃኬትሽ ነው። ጃኬቱ ጥሩ በሆነ ቁጥር ውኃውን አንዲትም ሳያስቀር ወደ ታች ያወርደዋል፤ የሚያርፈው ጭንሽ ላይ ነው። «ደህና ጃኬት አለኝ» ያልሽው ነገር የሱሪውን አስፈላጊነት ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። ሦስተኛው ለምሳና ለእረፍት የምትቀመጪበት እርጥብ ድንጋይና ሣር ነው። አራተኛው ደግሞ የራስሽ ላብ ነው፤ ከእሱ ሙሉ በሙሉ የሚያድን ሱሪ እስካሁን አልተሠራም። ማንም ሻጭ «እርጥበት የሚባል አታዪም» ቢልሽ አትመኚው። የዝናብ ሱሪ ሥራ ነፋሱን አግዶ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ሥጋሽን እንዳያገኘው አድርጎ፣ ውስጥሽ ያለው ትንሽ እርጥበት ሞቃት ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ጂንሱን ግን ቤት አስቀምጪው። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ደግሞ ሙቀትሽን ይመጥጠዋል። በዝናብ ሱሪ ስር መልበስም አይረዳም፤ ላብሽን ይዞ ይቀራል። የመንዝ እረኛ በክረምት ከላይ ባና ደርቦ ከታች በቁምጣ ሲሄድ ታዪዋለሽ። ጨርቅ የሌለበት ባት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ የበሰበሰ ሱሪ ግን እስከ ማታ አብሮ ይከርማል። እንደ እረኛው ሁኚ አልልሽም፣ እሱ ብርዱን የለመደው ነው። ብቻ የረጠበ ጥጥ ከባዶ እግር የባሰ መሆኑን እወቂ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጨርቁ ላይ የውኃ ግፊት ይጫንበትና እየጨመረ ሲሄድ በሌላው ፊት ጠብታ ብቅ ብቅ ማለት በሚጀምርበት ጊዜ ግፊቱ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው የውኃ ዓምድ ጋር እኩል እንደሆነ ይመዘገባል። 3,000 ማለት የሦስት ሜትር ዓምድ ችሏል ማለት ነው፤ 10,000 የአሥር ሜትር። ከሰማይ የሚወርድ ዝናብ ብቻውን ይህን ያህል አይገፋም፤ ብዙ የድንኳን ጣሪያ 1,500 ሆኖ ክረምቱን ይወጣዋል። የሚገፋው የራስሽ ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ሲያርፍ ጫናው ከ10 ሜትር የውኃ ዓምድ ጋር እኩል ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ሜዳ ላይ ዘርፈጥ ብላ ብትቀመጥና ክብደቷ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢከፋፈል ጫናው 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያቺው ሴት ድንኳን ለመትከል ብትንበረከክና ክብደቷ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር በማትሞላ የጉልበት ቆዳ ላይ ቢያርፍ 10,000 አለፈ ማለት ነው። ሾል ያለ ድንጋይ ላይ መቀመጥም እንደዚሁ ነው። ጨርቁ ውኃ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ በመቀመጫና በጉልበት በኩል የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥተሽ ስትመርጪ፣ 3,000 የሚለው እየቆመ እየሄደ ለሚውል ሰው ይበቃል፤ ስትቀመጪ ግን ወፍራም ፌስታል አጥፈሽ ከስርሽ አድርጊ። 5,000 ለአንቺ ጉዞ በቂ ነው። 10,000 በተቀራራቢ ዋጋ ካገኘሽ ውሰጂው። 20,000 የሚለውን ለሱሪ ብለሽ ተጨማሪ አትክፈዪበት። ሌላም ነገር አለ፤ ቁጥሩ የሚለካው በአዲስ ጨርቅ ላይ ነው። ሁለት ክረምት ቋጥኝ ላይ የተፋቀ መቀመጫ 10,000 ተብሎ ቢጻፍበትም እዚያ ላይ አይደርስም። ወፈር ያለ ባለ 5,000 ሱሪ ከሳሳ ባለ 15,000 ይልቅ ረጅም ጊዜ ሲያገለግል አይቻለሁ።

ከዚህ ቁጥር ጎን ሌላ ትልቅ ቁጥር ታገኛለሽ፤ እሱ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚወጣ የሚናገር ነው። ይተነፍሳል የሚሉት እሱን ነው። ለጃኬት ዋጋ አለው። ለሱሪ ግን፣ በተለይ በእኛ አገር ክረምት፣ ብር አላወጣበትም። አምራቾቹ የሚለኩበት ዘዴ የተለያየ ስለሆነ የአንዱን 10,000 ከሌላው 10,000 ጋር ማወዳደር አይቻልም። ደግሞም እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ከውጩ የበለጠ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው፤ ጣርማ በር ላይ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው በሚሄዱበት ጉም ውስጥ አየሩ ራሱ እርጥበት ጠግቧል፣ ላብሽ እንደ ልብ አይወጣም። እግር እንደ ጀርባ አያልብም፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ከሆነም በየእርምጃው እየተወዛወዘ አየር ከታች ይስባል። ከየትኛውም ውድ ሜምብሬን፣ ማለትም ውኃ አግዶ እንፋሎት ከሚያሳልፍ ስስ ሽፋን፣ በላይ የሚያተነፍሰው እስከ ጉልበት የተከፈተ ዚፕ ነው።

ጎርቴክስ ስሙን ያገኘው ያለ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦብ ጎር ቴፍሎን የሚባለውን ነገር በአንድ ጊዜ ስቦ ሲያስረዝመው ለውኃ ጠብታ የጠበበ፣ ለእንፋሎት የሰፋ ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን አገኘ፤ ከዚያ ሽፋን የተሠራው ልብስ በ1970ዎቹ አጋማሽ ገበያ ገባ። የመጀመሪያው የፈጠራ መብት ዘመን ካለፈ ቆይቷል፤ ዛሬ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ፣ ስም ያልወጣላቸው ብዙ ሽፋኖች አሉ። ሱሪ ላይ ሙሉ የጎርቴክስ ዋጋ መክፈል ትርጉም የሚሰጠው በየሳምንቱ ተራራ ለሚወጣ አስጎብኚ ወይም ከሰኔ እስከ መስከረም ጓሳ ላይ ለሚከርም ተመራማሪ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚወጣ ሰው አይደለም። እኛ ገበያ ላይ የተለጠፈው ስም እውነተኛ ስለመሆኑም ማረጋገጫ የለሽም፤ ጥልፍ ስም በየትኛውም ልብስ ላይ ይጠለፋል።

አሁን ደግሞ ዚፑ። ጓሳ ላይ ዝናቡ በአሥር ደቂቃ ይመጣል፣ በሃያ ደቂቃ ይሄዳል፣ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ተመልሶ ይመጣል። ቦት ጫማሽ ዋልካ ጭቃ ይዞ አምስት ኪሎ ሆኗል። ሱሪው ዚፕ ከሌለው በእያንዳንዱ ጊዜ ጫማሽን መፍታት፣ በአንድ እግር መቆም፣ ጭቃውን ወደ ሱሪው ውስጥ ማስገባት አለብሽ። ሰው ይህንን ሁለት ጊዜ ያደርጋል፤ ሦስተኛው ዝናብ ሲመጣ «ቶሎ ያባራል» ብሎ ይተወዋል፣ ይበሰብሳል። ቦርሳ ውስጥ ሆኖ የማይለበስ ሱሪ ደግሞ ጎርቴክስም ቢሆን ጥቅም የለውም። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚከፈት ዚፕ ዝቅተኛው ነው፤ ቦት ጫማሽን ይዘሽ ሞክሪው፣ የጫማው አፍንጫ ካላለፈ አትግዢው። እስከ ጭን የሚደርስ ይሻላል። ከወገብ እስከ ግርጌ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ካገኘሽ ለአንቺ ከሁሉም ይበልጣል፦ ቆመሽ ትለብሺዋለሽ፣ ሜዳ ላይ መጸዳጃ ስትፈልጊም ሁሉንም ማውለቅ ሳያስፈልግሽ ከጎን ከፍተሽ ትገላገያለሽ። ይህንን ወንዶች መካሪዎች አያነሡልሽም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ስትወርጂም ሙቀቱ በየሰዓቱ ስለሚጨምር ሱሪውን እየሄድሽ መክፈት መቻል ትልቅ ነገር ነው።

ዚፑ ግን ውኃ ማስገቢያም ነው። ከላዩ ላይ የሚዘጋው የጨርቅ ክዳን እንዳለው፣ ክዳኑም በቬልክሮ ወይም በቁልፍ እንደሚያዝ ተመልከቺ። ክዳን የሌለው ረጅም ዚፕ ከጎን ያርስሻል።

የሚገኙትን ዓይነቶች ልንገርሽ። የሞተረኛው ላስቲክ ሱሪ ወፍራም ፒቪሲ ነው ወይም በፕላስቲክ የተቀባ ፖሊስተር። ውኃ አያስገባም፤ በዋጋም ከሁሉ ይረክሳል። ችግሩ ለተቀመጠ ሰው የተሰፋ መሆኑ ነው፦ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ድንጋይ ስትረግጪ ጭንሽ መሀል ይወጠርና ስፌቱ ይተረተራል። ይከብዳል፣ ምንም አያተነፍስም፣ ብርድ ሲይዘው ይገትራል፣ እጥፋቱ ላይም ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ጠዋት ከቤት ትምህርት ቤት ለመሄድ ጥሩ ነው። ለሦስት ቀን ጉዞ ሌላ ካጣሽ ብቻ፤ ያኔም አንድ ቁጥር አስፍተሽ ግዢ።

ቀጥሎ ያለው ፖሊዩሬቴን በሚባል ፕላስቲክ የተቀባ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው፤ ከውስጥ ብታዪው የሚያብረቀርቅ ወይም ነጣ ያለ ቅብ አለው። አብዛኛው ርካሽ የጉዞ ሱሪ ይኸው ነው፣ ለአንቺም የምመክረው ይኸንን ነው። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ሲቀደድ ይለጠፋል። ዕድሜው ግን የተወሰነ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ቅቡን ቀስ በቀስ ስለሚያፈርሰው እርጥብ እንዳለ ታጥፎ የተቀመጠ ሱሪ ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ እንደ ፎረፎር ይረግፋል።

ፍሮግ ቶግስ የሚባለውና የእሱ ቢጤ፣ ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን የሆነው፣ ወረቀት የሚመስለው ዓይነትም አለ። ውጭ አገር በጣም ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከብዙ ውድ ልብስ በላይ ያተነፍሳል። ለሜዳ ጥሩ ነው። ወፍ ዋሻ ውስጥ ግን አንድ ቀጋ ሲይዘው እንደ ሶፍት ይቀደዳል፤ ለአንቺ መንገድ አልመርጠውም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ስም ብቻ ይዘሽ አትዘዢ። «በሁለቱም ጎን ሙሉ ዚፕ ያለው፣ ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በቴፕ የታሸገ፣ ያለፈው ዓመት ቀለም የሆነና ዋጋው የቀነሰ» በያቸው፤ የውስጥ እግር ርዝመትሽንም ለክተሽ ላኪ። ማርሞት የሚባለው ድርጅት ፕሪሲፕ በሚለው ስም ሙሉ ዚፕ ያለው የሴት ሱሪ ሲያወጣ ቆይቷል፤ ዴካትሎንም በራሱ ስም የሚያወጣቸው የተራራ ሱሪዎች ለዋጋቸው ደህና ናቸው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም።

አብዛኛው ሰው ግን የሚገዛው ከልባሽ ተራ ነው፤ እኔም ብጠየቅ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። ደብረ ብርሃን ቢጠፋ መርካቶ አይጠፋም። ሁለት ነገር ፈልጊ፣ ሰው የሚያልፋቸው ናቸው። አንደኛው የአውሮፓ የመንገድና የወደብ ሠራተኞች የሚለብሱት ቢጫ ወይም ብርቱካናማ፣ የሚያንጸባርቅ መስመር ያለው የዝናብ ሱሪ ነው። ቀለሙ ስለሚያስቅ ማንም አይነካውም፣ ሻጩም ዋጋ አይጠራበትም። ብዙዎቹ ሳብ ሳብ በሚል ጨርቅ ላይ ፖሊዩሬቴን የተቀቡ፣ ስፌታቸው በሙቀት የተበየደ፣ ለሥራ የተሠሩ ጠንካሮች ናቸው። ጉም ውስጥ ጓደኞችሽ ከሩቅ ያዩሻል፤ ይህም ትርፍ ነው። ሁለተኛው የበረዶ ሸርተቴ ሱሪ ነው። ውስጡ ጥጥ መሰል ሙሌት ካለው ተዪው፤ ያፍናል፣ ከረጠበ አይደርቅም። ሙሌት የሌለው ከሆነ ግን ግርጌው ውስጥ በወፍራም ጨርቅ የተደረበ፣ ጭኑ ላይ መተንፈሻ ዚፕ ያለው ስለሆነ ለጭቃና ለእሾህ የሚመች ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ከመክፈልሽ በፊት ገልብጪው። ስፌቱ ሁሉ ላይ ከውስጥ በኩል ቴፕ ተለጥፎበት እንደሆነ እዪ። ቴፑ መቀመጫው ላይ ብቻ ተደርጎ የጎኖቹ ስፌት ባዶ የሆነ አለ፤ እሱ ለካፊያ እንጂ ለቀን ሙሉ ዝናብ አይሆንም። ቴፑ ጫፉ ከተነሣ በጥፍርሽ ሳብ አድርጊው፤ እየተላጠ ከመጣ ሌላ ፈልጊ። ቅቡን በመዳፍሽ እሺው፤ ከተጣበቀብሽ ወይም ዱቄት ከተወልሽ በነጻ ቢሰጥሽም አትውሰጂው፣ እንደገና መቀባት የሱሪውን ዋጋ ያስወጣሻል። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ከአፍሽ ጋር ግጠሚና ንፊበት፤ አየር በቀላሉ ካለፈ የነፋስ ሱሪ እንጂ የዝናብ ሱሪ አይደለም። በመጨረሻ የመቀመጫውን ጨርቅ በእጅሽ ጎድጎድ አድርገሽ ከውኃ ላስቲክሽ ትንሽ አፍስሺበት፣ ከላይ ሰብስበሽ ያዢና ውኃውን በሌላው እጅሽ ጨመቅ አድርጊው። ከታች ጠብታ ካልወጣ ሱሪው ደህና ነው። ሻጩ ቢቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

የላይኛው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ጠቆር ቢል ግን አትደንግጪ። ውኃን እያንከባለለ የሚጥለው የላይ ቅብ በመታጠብና በመፋቅ ይጠፋል፤ ሽፋኑ ግን ከስሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅብ በሱቅ ተገዝቶ የሚታደስ ነው። አዳዲሶቹ ልብሶች ላይ ያለው ቅብ ከድሮው ቶሎ ይዳከማል፤ ፍሎሪን ያለባቸው የቆዩት ቅቦች አካባቢን ስለሚበክሉ በብዙ አገር እየታገዱ ናቸው፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ልብስ ላይ ከልክላቸዋለች። ልዩነቱ አዲሱ ቅብ ቅባትና እድፍ ስለማይችል ቶሎ ቶሎ መታጠብ መፈለጉ ነው።

ይህ ሁሉ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ በበኩሌ ከርካሽ ሱሪ የማላሳንሰው። የዝናብ ሽርጥ አሰፊ። ቅብ ያለው ቀጭን ናይለን፣ ለድንኳን ወይም ለጃንጥላ የሚሆነውን ዓይነት፣ ገዝተሽ ለልብስ ሰፊ ስጪው፤ ወገብሽን አንድ ጊዜ ተኩል የሚዞር፣ ከጉልበትሽ በታች አንድ ስንዝር የሚወርድ፣ ወገቡ ላይ ማሰሪያ ያለው፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት። አንድም ስፌት መሀል ላይ ስለሌለው የሚታሸግ ነገር የለውም። በሰከንዶች ትጠመጥሚዋለሽ፣ ከስር አየር ያገኛል፣ ስትቀመጪ ምንጣፍ ይሆናል። ከጉልበት በታች ያለውን ሣር ደግሞ ገምባሌ ይመክተዋል፤ ከዚያው ጨርቅ ከጫማው ማሰሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከጫማው ስር በገመድ የሚያዝ አድርጎ ይሰፋልሻል። ሽርጡና ገምባሌው ተደምረው ከጓሳ ሣር በደንብ ይከላከሉሻል። የሚሸነፉት በነፋስ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሱ ሽርጡን ሽቅብ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ግርጌው ላይ ሁለት ቁልፍ አስደርጊበትና በነፋስ ጊዜ እግሮችሽ መሀል ቆልፊው። ጃንጥላና ፖንቾም ከነፋሱ የተነሣ እዚያ ላይ ብዙ አይረዱም።

ልኩን ስትሞክሪ ከስር የምትለብሺውን ለብሰሽ ሞክሪ። ከስር የፖሊስተር ታይት ወይም ስስ ቱታ በቂ ነው፤ ለማደሪያ አንድ ደረቅ የሱፍ ወይም የሹራብ ሱሪ በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢ፣ ምንም ቢሆን በቀን አትንኪው። የዝናብ ሱሪውን ለብሰሽ ቁጢጥ በዪ፣ ከዚያ ወንበር ላይ በአንድ እግር ውጪ። ጭንሽ መሀል ከጎተተሽ ጠቧል። ግርጌው ቁርጭምጭሚትሽን ሸፍኖ ተረከዝሽ የማይረግጠው ይሁን። ቦቲ ብትጫሚም ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አትክተቺው፤ ከከተትሽው ከጭንሽ የሚወርደው ውኃ ሁሉ መጠራቀሚያ ያገኛል።

ስትመለሺ ጭቃውን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቢው። ኦሞም በረኪናም አታድርጊበት፤ የዱቄት ሳሙና ቅሪት ጨርቁ ውኃ እንዲስብ ያደርገዋል። ለዝናብ ልብስ የተሠራ ሳሙና ካላገኘሽ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ተጠቅመሽ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ገልብጠሽ ጥላ ላይ አስጪው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታጥፊው። ማደሪያ ውስጥ እሳት ዳር አንጥፎ ማድረቅ ደግሞ የብዙ ሱሪ መጨረሻ ነው፤ ናይለን ሳይነድ ቀልጦ ነው የሚበሳው።

ከተቀደደ ጉዞ ላይ መርፌና ክር አታንሺ፤ መርፌው በወጋ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ ነው። ቦታውን አድርቀሽ ሰፊውን የጨርቅ ፕላስተር ጫፉን በመቀስ ክብ አድርገሽ ከውስጥም ከውጭም ለጥፊበት። ክቡ ጫፍ አይላቀቅም፣ ማዕዘን ያለው ይነሣል። ፕላስተሩን ሙሉ ጥቅል መያዝ አያስፈልግም፤ ውኃ ላስቲክሽ ላይ አንድ ሜትር ያህል ጠምጥመሽ ሂጂ።

ሱሪውን ደግሞ ለጉዞው ዋዜማ አታቆዪው። ሰኔ ላይ ግዢና በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ትምህርት ቤት ለብሰሽው ሂጂ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ከረፋድ እስከ ማታ። የሚያፈስ ስፌት፣ የሚቆነጥጥ ወገብ፣ የሚያንሸራትት ዚፕ ካለው ከተማ ውስጥ ሳለሽ ይታይ፤ እዚህ ልብስ ሰፊው ቅርብ ነው።